የፊታውራሪ መሸሻ ግቢ በቢታ ገነት

በልጅነቴ ፊታውራሪ መሸሻ የሚኖሩት እንሰት በከበበው ግቢ ውስጥ ነበር። ከጓሯቸው እንሰቱ ይነሣል፤ ከእንሰቱ ኋላ ቡናው፣ ከቡናው ወዲያ ጭጋግ የማይለቀው ደን። ልጃቸው ሰብለ ወንጌል ደጅ ወጥታ ስትቆም ዝናብ የእንሰቱን ቅጠል ሲደበድብ ትሰማለች። ጎጃምን የሚያውቅ አንባቢ ይሳቅብኝ። እኔ የታሪኩን አገር ዲማን አላየሁም፤ ያደግሁት ካፋ፣ ቢታ ገነት ነው፤ የነበረን አንድ ራዲዮ ነው፤ ራዲዮ ደግሞ መልክ አያሳይም። ያልታየውን ሁሉ ከደጃችን እያመጣን እንሞላው ነበር።

የእነ ፊታውራሪ መሸሻ ታሪክ፣ የሐዲስ ዓለማየሁ ልቦለድ «ፍቅር እስከ መቃብር»፣ በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. መገናኛ ላይ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ሆኖ በኢቢሲ መተላለፍ ጀመረ። እኔ አንዱን ክፍል ያየሁት እዚያው ቢታ ገነት፣ ሻይ ቤት ውስጥ ነው። አጠገቤ አንድ አዛውንት ፊታቸውን ከስክሪኑ መልሰው፣ ጆሯቸውን ብቻ ሰጥተው ተቀምጠዋል። ምነው ስላቸው፣ «ድምፁን እየፈለግሁት ነው» አሉኝ። ሻይ የምትቀዳው ልጅ፣ «አባባ፣ ይሄ እኮ ፊልም ነው፤ ይታያል» አለቻቸው። እሳቸውም፣ «እኔ እኮ ድሮ አይቼዋለሁ» ብለው ዝም አሉ።

ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ያ መልስ ነው። አዛውንቱ መጽሐፉን እንዳላነበቡት አውቃለሁ። የቴሌቪዥኑን ድራማም ከዚያ ቀን በፊት አላዩትም። ታዲያ ያዩት የትኛውን ነው?

የልቦለዱን መዝገብ ከሥሩ፣ ከደራሲው እንከተል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት በተባለ ቦታ ተወለዱ። የቤተ ክርስቲያኑን ትምህርት እዚያው ጎጃም ተምረው፣ ዘመናዊውን ደግሞ አዲስ አበባ ቀስመው በመምህርነት ሲያገለግሉ የጣሊያን ወረራ ደረሰ። ከራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጦር ጋር ሽሬ ግንባር ዘመቱ። ግንባሩ ሲፈርስ ራስ እምሩ በጎጃም በኩል ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ ወረዱ፤ የጥቁር አንበሳ ማኅበር አርበኞችም ከእሳቸው ጋር ተሰለፉ። ጦሩ ከዚያ ወደ ደቡብ ምዕራብ ዞረ። መጨረሻው ጎጀብ ወንዝ ላይ ነበር፤ ራስ እምሩ በታኅሣሥ ወር 1929 ዓ.ም. እዚያ ለጣሊያን እጃቸውን ሰጡ። ሐዲስም አብረው ተማረኩ።

ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚመጣ መንገደኛ ሁሉ ጎጀብን ይሻገራል። መኪናው ቁልቁለቱን ሲወርድ ሙቀቱ ይቀየራል፤ ድልድዩን አልፎ ዳገቱን ሲይዝ ካፋ ገብቷል። ወንዙ በጥንቱ የካፋ መንግሥት ዘመንም ድንበርና መከላከያ ነበር። በአማርኛ ልቦለድ ውስጥ ስሙ ከሁሉ በላይ የሚጠራው ደራሲ ነጻነቱን ያጣው በዚህ ወንዝ ዳር መሆኑን ስንቱ ተሳፋሪ ያስበዋል? እኔም ራሴ ስንት ጊዜ ተሻግሬው ካበቃሁ በኋላ ነው ያወቅሁት። ሐዲስ ከዚያ ወደ ጣሊያን ተወስደው እስከ እ.ኤ.አ. 1943 ድረስ፣ ፖንዛና ሊፓሪ የተባሉትን ደሴቶች ጨምሮ፣ በግዞት ኖሩ። ስለ ጦርነቱ በኋላ «ትዝታ» በተባለው መጽሐፋቸው ጽፈዋል። ጎጀብ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የለም፤ ያንን ዘመን የሚያነሣ ታሪክም አይደለም። ቢሆንም የደራሲው ሕይወትና የእኛ አገር አንድ ጊዜ ተገናኝተው ነበር፤ የተገናኙትም በሽንፈት ቀን ነው።

ከግዞት መልስ ሐዲስ የመንግሥት ሰው ሆኑ፤ ዲፕሎማት፣ የትምህርት ሚኒስትር፣ ለንደን አምባሳደር። ልቦለዱ በ1958 ዓ.ም. በብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ታትሞ ወጣ። ከ500 ገጽ በላይ ነው፤ ለዚያ ዘመን አማርኛ ልቦለድ ትልቅ ጥራዝ። የኅትመቱን ጊዜ ልብ በሉልኝ። የመጀመሪያው የአማርኛ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው» የታየው በ1957 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥንም ሥራ የጀመረው በዚያው ዓመት ነው። ልቦለዱ፣ ፊልሙና ቴሌቪዥኑ የአንድ ሰሞን ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል። ልቦለዱ የቴሌቪዥን ድራማ ሆኖ እስኪታይ ግን 58 ዓመት ያህል አለፈ።

ምክንያቱ ብዙም አያስቸግርም። ታሪኩ ፊታውራሪ ይፈልጋል፤ ፊታውራሪው በቅሎና አሽከር፣ አሽከሩ ጋሻና ጠመንጃ ይፈልጋል። የዲማ ጊዮርጊስ ደብር፣ የቆሎ ተማሪ፣ ግብር የሚበላበት አዳራሽ፣ የሚሸፍት ባላገር አለ። ይህን ሁሉ በጥቁርና ነጭ ስቱዲዮ ውስጥ ማቆም አይቻልም። ቴሌቪዥናችን ራሱ በቀለም ማሰራጨት የጀመረው በ1977 ዓ.ም.፣ በአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ነው። እስከዚያ ድረስ ግን መጽሐፉ ዝም ብሎ አልጠበቀም። አፍ አግኝቶ ነበር።

አፉ ወጋየሁ ንጋቱ ነው። ወጋየሁ የመድረክ ተዋናይ ነበር። በደርግ ዘመን በኢትዮጵያ ራዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ተረከው። «አነበበው» ማለት ያንስበታል። ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ ድምፁ ይከብዳል፤ ልማድ ነቃፊው ጉዱ ካሣ ሲናገር ምላሱ ይሾላል፤ ሰብለ ወንጌል ስትናገር ድምፁን ሴት ለማስመሰል ሳይታገል ያለሰልሰዋል። የሰብለ ወዳጅ በዛብህ ሲያፍር ቃሉ ጉሮሮው ላይ ይቀራል። አንድ ሰው ብቻውን ማይክሮፎን ፊት ተቀምጦ የአንድ አገር ሕዝብ ሆነ። ትረካው ኋላ በካሴት ተገለበጠ፤ ዛሬም በየስልኩ ይገኛል።

ታዲያ ልብ ብለን ካየነው ትረካውም እንደገና የተሠራ ሥራ ነው። ሐዲስ የጻፉት ለዓይን ነበር፤ ወጋየሁ ለጆሮ አደረገው። የት ላይ ትንፋሽ እንደሚወሰድ፣ የትኛው ቃል እንደሚጎተት፣ የትኛው ሰው አስቂኝ የትኛው አሳዛኝ እንደሚሆን የወሰነው ተራኪው ነው። መጽሐፉን አንብቦ ከዚያ ትረካውን የሰማ ሰው ያን ጊዜ አልከፋውም ይሆን? ያ ሰው ግን ጥቂት ነበር። በገጠሩ ኢትዮጵያ የሚበዛው አድማጭ ከመጽሐፉ በፊት ድምፁን አገኘ። ስለዚህ ለእሱ ዋናው ድምፁ ሆነ፤ መጽሐፉ ራሱ ተከትሎ የመጣ ግልባጭ መሰለው። ትረካውን ሰምቶ ቆይቶ መጽሐፉን የገለጠ ሰው ይህን ይነግራችኋል፦ ገጹን ሲያነብ የሚሰማው የወጋየሁ ድምፅ ነው።

ቢታ ገነት ውስጥ ይህ እንዴት ሆነ? ራዲዮ ኢትዮጵያ በዚያ ዘመን ጌጃ፣ ሐረርና መቱ ላይ የመካከለኛ ሞገድ ማሰራጫዎች ነበሩት። መቱ ለእኛ ለምዕራቦቹ የቀረበው ነው። ራዲዮው በቆዳ ልብሱ ውስጥ እንዳለ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ልጅ አይነካውም። ችግሩ የባትሪ ድንጋዩ ነበር። ድንጋይ ውድ ነው፤ ባለቀ ቁጥር አይገዛም። ሲደክም አውጥተን ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፤ ፀሐይ በሌለበት ክረምት፣ ማለትም በእኛ አገር የዓመቱን ብዙውን ክፍል፣ ምድጃ ዳር ይደረደራል። የሞቀ ድንጋይ ለተወሰነ ጊዜ ነፍስ ይዘራል። ዜና በሚነበብበት ሰዓት ራዲዮውን የሚያጠፉ ቤቶች ነበሩ፤ ድንጋዩን ለትረካው ለመቆጠብ። ካድሬ ቢሰማ አያስደስተውም ነበር። ድንጋዩ እየሞተ ሲሄድ የወጋየሁ ድምፅ ይርቃል፤ እኛም ጆሯችንን እያስጠጋን፣ እያስጠጋን፣ መጨረሻ ላይ ግንባራችን ራዲዮው ላይ ያርፋል። ሰብለ ወንጌል ከቤት የጠፋችበትን ምዕራፍ ያዳመጥነው እንዲህ ነው።

ቋንቋውስ? የቤታችን ቋንቋ ካፊኖኖ ነው። ከአዛውንቶቹ ብዙዎቹ አማርኛ የገበያና የፍርድ ቤት ያህል ብቻ ነበራቸው። የወጋየሁ አማርኛ ደግሞ የጎጃም ቅኔ የተነከረበት ነው። ስለዚህ በአንዳንድ ቤት የሚሰማው ሁለት ትረካ ነበር፦ ከራዲዮው የሚወጣው፣ ከዚያም ተማሪ የሆነው ልጅ ለአያቱ በካፊኖኖ የሚደግመው። ይህም ሌላ ድጋሚ ሥራ ነው፤ አዘጋጅ የለው፣ ክፍያ የለው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ ማስተማሪያ ከሆኑት 15 ቋንቋዎች አንዱ የካፋና ሞቻ ቋንቋ ነበር። ካፊኖኖ ያን ጊዜ በግዕዝ ፊደል ተጻፈ፤ ዛሬ በላቲን ነው የሚጻፈው። ማታ ፊደል የሚቆጥር ሽማግሌ ቤቱ ሲመለስ ትረካ ይጠብቀዋል ማለት ነው። ዘመቻው ማንበብ አስተማረው፤ ታሪኩን ግን አስቀድሞ በጆሮው ጨርሶታል።

አንድ ነገር ላይ ቆም ልበል፤ ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጽፉ የአዲስ አበባ ሰዎች ሲያልፉት አያለሁና። ካፋ ውስጥ የተሰማው ታሪክ ጎጃም ውስጥ ከተሰማው ጋር አንድ አልነበረም። ካፋ እ.ኤ.አ. በ1897 በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተሸንፎ ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ ተማርከው ከተወሰዱ በኋላ አገሩ በገባር ሥርዓት ሥር ገባ። ገበሬው ለመልከኛው ተመደበ፤ ብዙ ሰው ተሸጠ፣ ብዙ ሰው ተሰደደ። ፊታውራሪ መሸሻ ከልማዱ ውጪ ተጨማሪ ሲጠይቁ፣ ባላገሩም እምቢ ብሎ አበጀ በለውን አለቃ ሲያደርግ፣ ጎጃሜው አድማጭ የሚያውቀው ጌታ ከገዛ ባላገሩ ጋር የገጠመው ሙግት ነው። ቢታ ገነት ላይ ያለው ሽማግሌ ግን ፊታውራሪ የሚለውን ማዕረግ ያወቀው ከሩቅ በመጣ ሰው ትከሻ ላይ ነው። ፊታውራሪው ተማረኩ ሲባል ቤቱ ውስጥ የነበረውን ሳቅ አልረሳውም። ሽማግሌዎቹ በጎጃሙ ታሪክ ውስጥ የራሳቸውን መልከኛ ያዩ ነበር።

በሌላ በኩል ደግሞ ታሪኩ እኛንም ይነካ ነበር። የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር የተከለከለው በዘር ነው፤ ጉዱ ካሣ ሲጮህ የኖረውም በዚህ ላይ ነው። እኛ ዘንድ ማንጆዎች ነበሩ፤ ደን ዳር የሚኖሩ፣ ከሰል የሚሸጡ፣ ከሌላው ጋር ማዕድ የማይቆርሱ፣ ጋብቻም የማይታሰብላቸው። ራዲዮ የሌለው ሁሉ ባለ ራዲዮው ቤት ሲሰበሰብ ማንጆው ከደጅ ሆኖ ነበር የሚሰማው። ጉዱ ካሣ የዘር ኩራትን ሲያብጠለጥል እኛ ውስጥ ሆነን ራሳችንን እንነቀንቃለን፤ እሱ በር ላይ ቆሟል። ያን ጊዜ ማንም ልብ አላለውም። እኔም አላልሁትም።

እንግዲህ ወደ ሻይ ቤቱ እንመለስ። በቴሌቪዥኑ ድራማ ላይ የሰማሁት ቅሬታ ብዙ ዓይነት ነው። አንዱ የሰብለ ወንጌል መልክ አልመጣለትም። ሌላው ዘዬው ጎጃምኛ አልሆነም ይላል፤ ይህን የሚለው የካፋ ሰው መሆኑ ያስገርማል፣ ግን እውነቱን ነው፤ ጆሮው በወጋየሁ ተገርቷል። ሌላው ታሪኩ ተንዛዛ ይላል፤ ያንኑ ታሪክ በራዲዮ ሲጠብቅ ድንጋይ በምድጃ ያሞቅ የነበረው ሰው። የሚያመሰግኑም አሉ፤ በተለይ ወጣቶቹ። ለእነሱ ይህ መጀመሪያቸው ነው። ድራማውን አይተው መጽሐፉን ከቦንጋ ያስመጣ ልጅ አውቃለሁ።

የሌላው ዓለም ተመልካችም በዚህ አልፏል። «ሚሽን ኢምፖሲብል» እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1973 በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታየ ተከታታይ ድራማ ነበር። በ1996 ፊልም ሲሆን፣ በድራማው ውስጥ የቡድኑ መሪና የታማኝነት ምልክት የነበረው ጂም ፌልፕስ ከሃዲ ሆኖ ቀረበ። ገጸ ባሕርዩን ለዓመታት የተጫወተው ፒተር ግሬቭስ አልወደደውም፤ የድሮዎቹ ተመልካቾችም ተቆጡ። ፊልሙ ግን ገንዘብ አመጣ፣ ተከታዮችም ወለደ። «ዘ ፊዩጂቲቭ» ደግሞ በ1960ዎቹ ድራማ ነበር፤ በ1993 ፊልም ሲሆን ያን ያህል ጸብ አላስነሣም። ልዩነቱ ግልጽ ይመስለኛል፦ የመጀመሪያው ሰው የሚወደውን ሰው ካደ፣ ሁለተኛው አልካደም። ተመልካች ልብስና ቦታ ቢቀየርበት ያጉረመርማል እንጂ ይቅር ይላል። የሚወደው ሰው ባሕርይ ሲቀየርበት ግን ይሄዳል።

በዚህ ሚዛን ሳየው የእኛዎቹ ቅሬታ ሌላ ቦታ ላይ ነው። እኔ ባየሁት ክፍል ፊታውራሪው ፊታውራሪ ናቸው፣ ጉዱ ካሣም ጉዱ ነው። አዛውንቱን ያጣላቸው ባሕርይ አይደለም። ራዲዮው ለእያንዳንዱ አድማጭ የራሱን ሰብለ ወንጌል ሰጥቶት ነበር፤ ቢታ ገነት ላይ የቢታ ገነትን ልጅ፣ ሐረር ላይ የሐረርን፣ አሥመራ ላይ የአሥመራን። ቴሌቪዥኑ ሲመጣ አንዲት ሰብለ ብቻ ቀረች። ተዋናይቷ ምንም ብትጎብዝ የሌሎቹን ሁሉ ቦታ መውሰዷ አይቀርም። ይህ የአዘጋጁ ጥፋት አይደለም፤ የሥዕል ጠባይ ነው። እኔም ስክሪኑ ላይ ሰፊውን የጎጃም ሜዳ፣ የጤፉን ማሳ፣ ባሕር ዛፉን ሳይ ልክ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሐዲስ የጻፉትም ያንን ነው። ግን የት ሄደ እንሰቱ?

ፍርዴን ካልደበቅሁ ድራማው መሠራቱ ትክክል ነው። «መጽሐፉ ይነካብናል» የሚለው ክርክር ውኃ አያነሣም፤ መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ አለ፣ ካሴቱም አለ። ደግሞም ወጋየሁ ማይክሮፎኑ ፊት ሲቀመጥ «የሐዲስን መጽሐፍ አትንካ» ቢባል ኖሮ የእኔ አገር ሰው ያንን ታሪክ አያገኘውም ነበር። በድጋሚ ሥራ የተጠቀመ ትውልድ ሌላ ድጋሚ ሥራ ሲመጣ በር መዝጋቱ አያምርበትም። ይህን ለአዛውንቱ ብነግራቸው ግን የሚሰሙኝ አይመስለኝም፤ የሚሰሙት ወጋየሁን ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁ ኅዳር 26 ቀን 1996 ዓ.ም. አረፉ። ወጋየሁም ከእሳቸው ቀድሞ ሄዷል። የመጽሐፉ ኅትመት ማተሚያ ቤት ተመዝግቧል፤ የትረካው ድምፅ በቴፕ ተይዟል፤ ድራማው በኮምፒውተር ላይ ተቀምጧል። የአድማጩን ግን መዝገብ ቤት አይይዘውም። ድንጋዩን ምድጃ ዳር ያሞቀ፣ በካፊኖኖ ለአያቱ የደገመ፣ ከደጅ ቆሞ የሰማ ሰው ታሪክ ያለው በሰዎቹ አፍ ብቻ ነው፤ ሰዎቹም እያረጁ ነው። በቢታ፣ በጌሻ፣ በጨና፣ በዴቻ የምትኖሩ፦ ትረካውን በማን ቤት፣ በየትኛው ራዲዮ፣ ከማን ጋር ሆናችሁ እንደሰማችሁ ለልጆቻችሁ ንገሩ፤ ልጆቹም ይጻፉት። የፊታውራሪ መሸሻ ግቢ በእናንተ ዓይን ምን ይመስል እንደነበርም አትርሱ።